ተራ ቁጥር ሰማንያ ሦስት

የሟቹ ስልክ የጮኸው ጠዋት ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። እናትና ልጅ በጠባቧ የኩሽና ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሻይ በዳቦ እየቀማመሱ ነበር። ድምፁ ከመኝታ ቤት፣ ከቁም ሳጥኑ የላይኛው መሳቢያ፣ በታጠፉ አንሶላዎች ታፍኖ መጣ። ሁለቱም አወቁት። አራት ዓመት ሙሉ ከስልክ ድርጅቱ የማስታወቂያ መልእክት በቀር ያንን ቁጥር የፈለገው ማንም አልነበረም፤ እናትየው ግን በየእሑዱ ቻርጅ ታደርገዋለች፣ እንዳይዘጋም በየወሩ ትንሿን ካርድ ትሞላለታለች። ይህን ልጅቷ ታውቃለች፤ ልጅቷ ማወቋንም እናትየው ታውቃለች፤ ተነጋግረውበት ግን አያውቁም። ስልኩ ሲጮህ ሁለቱም ዓይናቸውን ብርጭቋቸው ላይ ጣሉ። በአምስተኛው ጥሪ እናትየው በባዶ እግሯ ተነስታ ሄደች።

የደወለችው ሴት ድምፅ ለስላሳና ጥድፊያ ያለበት ነበር። የሟች ባሏን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ አስተካክላ ጠራችና፣ "እርሳቸውን ማግኘት እችላለሁ?" አለች። እናትየው ያንን ስም እንዲህ ሳይሸራርፍ፣ ሰውየው አጠገብ እንዳለ አድርጎ የጠራ ሰው ከሰማች ቆይታለች። ልትል ያሰበችው ሌላ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን፣ "ወጥቷል። ባለቤቱ ነኝ፤ መልእክት ካለ ልቀበል" የሚል ሆነ። ሴትየዋ ደስ አላት። አንድ የውጭ አገር የቴክኖሎጂ ኩባንያ ተወካዮቹን ልኳል፤ ማዕከሉን እዚህ ከተማ ይክፈት ወይስ ሌላ ቦታ ይፈልግ የሚለውን ከመወሰኑ በፊት፣ የክልሉ ኢንቨስትመንት ቢሮ ከላከለት የባለሙያዎች ዝርዝር ውስጥ አስራ አምስት ሰው መርጦ ፊት ለፊት ማነጋገር ፈልጓል። ዘጠኝ ሰዓት፣ በቢሮው አዳራሽ። "የእርሳቸውን የሥራ ልምድ በጣም ነው የወደዱት፤ በተለይ የከተማውን የመጀመሪያ የፋይበር መስመር መዘርጋታቸውን። ይመጣሉ አይደል?"

"እነግረዋለሁ" አለች።

ወደ ኩሽና ስትመለስ ልጅቷ ዳቦዋን ትታ መዳፏን ሻዩ ላይ ታሞቅ ነበር። "ወጥቷል ስትያቸው ሰማሁ" አለች ቀና ሳትል። "መቼ እንደሚመለስ አልጠየቁሽም?" እናትየው የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በእጇ ጠራርጋ ሰብስባ፣ የምትጥልበት ቦታ እንደጠፋባት ሁሉ ጨብጣው ቆመች። ከበሩ ጀርባ የልጅቷ ሻንጣ ተዘግቶ ተቀምጧል። አውቶቡሱ የሚነሳው ነገ ንጋት ላይ ነው። ልጅቷ በኮምፒውተር ምህንድስና ከተመረቀች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ሦስቱንም ዓመት መንገድ ዳር ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ስትቀይር ነው የኖረችው። አሁን አንዲት ጓደኛዋ በትልቁ ከተማ የደንበኞችን ስልክ የሚመልስ ድርጅት ውስጥ ቦታ አግኝታላታለች። "ኩባንያው ከመጣ ግን ትቀሪያለሽ?" ብላ እናትየው ባለፈው ሳምንት ጠይቃት ነበር። ልጅቷም ከት ብላ ስቃ፣ "እማዬ፣ ኩባንያው እኮ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ሊመጣ ነው" አለቻት።

እናትየው ወደ ሥራ ስትሄድ ታክሲው ውስጥ ከፊቷ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ ቤት ኪራይ ያወሩ ነበር። የአንደኛዋ አከራይ ሁለት ሺህ የነበረውን አንድ ክፍል አምስት ሺህ አድርሳዋለች። "ፈረንጆቹ ሲመጡ ከዚህም በላይ አከራየዋለሁ፣ ካልተስማማሽ ልቀቂልኝ አለችኝ።" "እና መጡ እንዴ?" "እነሱ የት መጡ! ጭማሪው ቀድሟቸው መጣ እንጂ።" ታክሲው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ ሹፌሩም ሳይቀር። በመስኮቱ ሲታይ እውነትም ከተማው እንግዳ ሊቀበል ቤቱን አሰናድቶ በር በር እንደሚያይ ሰው ሆኗል። ሥጋ ቤቱ "ዳታ" ተብሏል፣ ፀጉር ቤቱ "ዲጂታል"፤ ከአደባባዩ አጠገብ "የወደፊቱ የቴክኖሎጂ መንደር" የሚለው ትልቅ ሰሌዳ ፀሐይ ስለላጠው፣ በሥዕሉ ላይ ካሉት ባለ መነጽር ወጣቶች የቀረው ጥርሳቸው ብቻ ነው። ከሰሌዳው ኋላ ያለው ሰፊ ሜዳ ታጥሮ ስድስት ዓመቱ ነው። ባልየው በሕይወት ሳለ በዚያ ባለፉ ቁጥር፣ "ከዚህ አጥር ሥር የእኔ ገመድ ያልፋል፤ ቤቱን መሥራት ነው የቀራቸው" ይል ነበር። እሷ በዚያ ስታልፍ ወደ ሌላው መስኮት ማየት ከጀመረች ቆይታለች።

በምትሠራበት በኢንቨስትመንት ቢሮው በር ላይ ዘበኛው መንገዷን ዘግቶ ቆመ። ቢሮው ውስጥ የመረጃ መዝጋቢ ስለሆነች፣ ሃያ ዓመትም ሙሉ ዓምድና ረድፍ ስታሰምር ስለኖረች፣ ከዘበኛ እስከ ጸሐፊ የሚጠራት "ሠንጠረዥ" እያለ ነው። "ሠንጠረዥ፣ በጎን ይዙሩ በሞቴ! ሣሩን እንዳይረግጡት። ትናንት ማታ ነው የተተከለው፣ ገና የሙከራ ጊዜውን አልጨረሰም።" በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅለት ነበር።

እንግዶቹ የያዙትን ዝርዝር ያዘጋጀችው ራሷ ናት። "የክልሉ የተማረ የሰው ኃይል" ይላል ሽፋኑ፤ አራት መቶ አስራ ሁለት ስም አለበት። ቢሮው በየሩብ ዓመቱ ለበላይ በሚያቀርበው ሪፖርት ላይ ይህ ቁጥር ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ ታይቶ አይታወቅም። መመሪያውም እንዲቀንስ አይፈቅድም፦ አንድ ስም የሚሰረዘው ባለሙያው ራሱ በጽሑፍ ሲጠይቅ ብቻ ነው ይላል። አገር ጥሎ የሄደ ሰው፣ ሱቅ የከፈተ መሐንዲስ፣ ሙያውን የረሳ ቴክኒሺያን ስሜን ሰርዙልኝ ብሎ ደብዳቤ አይጽፍም። የሞተማ ጭራሽ አይጽፍም። መዝጋቢዋ ነገሩ ስላላማራት፣ ለራሷ የዝርዝሩን አንድ ቅጂ በመሳቢያዋ ይዛ፣ በየጊዜው እየደወለችና እየጠየቀች በእርሳስ ምልክት ታደርግ ነበር። ለሄዱት ክብ፣ ሙያ ለቀየሩት ነጥብ፣ ለሞቱት አጭር ሰረዝ። ተራ ቁጥር ሰማንያ ሦስት ላይ ግን ክብም ነጥብም ሰረዝም የለም። በየዓመቱ እርሳሷ ሰማንያ ሁለት ላይ ይደርስና ሰማንያ አራት ላይ ያርፋል። መመሪያው ነው ትላለች ለራሷ። የልጇ ስም ደግሞ ከነጭራሹ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የቢሮው ኃላፊ የባሏ ታናሽ ወንድም ነውና፣ "ዘመዳሞቹ ልጃቸውን ሰገሰጉ" እንዳይባል ፈርታ ሳታስገባት ቀረች። ልጅቷ ይህን አታውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከኩባንያዎቹ አንዱ ይደውልልኝ ይሆናል ብላ ትጠብቅ ነበር።

ኃላፊው አስጠራት። ቤት ሲመጣ "እትዬ" ይላታል፣ እሷም "አንተ" ትለዋለች፤ ከዚህ በር ከገቡ በኋላ ግን ሁለቱም "እርስዎ" ናቸው። ከአጠገቡ የሕዝብ ግንኙነቱ ሰው፣ "ማይክራፎን" የሚሉት፣ አዲስ ከረባት አስሮ ቆሟል። ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ሳያነሳ በጣቱ ገፋ አደረገላት።

"ከአስራ አምስቱ እንመጣለን ያሉት ስድስት ናቸው" አለ። "ከስድስቱ አንዱ ወንድሜ ነው።"

ወረቀቱን አንስታ አየችው።

"ስልኩን ማን አነሳው?"

"እኔ ነኝ።"

ማይክራፎን ጣልቃ ገባ። ሌሎቹ ዘጠኝ አልተገኙም፣ አንዱ ጎማ እየቀየርኩ ነው ብሎ ስልኩን ዘግቶባቸዋል፤ ስድስት ሲጠበቁ አምስት ከመጡ እንግዶቹ ዝርዝሩን መጠራጠር ይጀምራሉ፤ እንግዶቹ ዛሬ ከተጠራጠሩ ነገ ሌላ ከተማ ናቸው። ደግነቱ ውኃ ሥራዎች ውስጥ አንድ ጎበዝ የኔትዎርክ ባለሙያ አለ፣ ዕድሜውም ተቀራራቢ ነው። "ለግማሽ ሰዓት ነው እኮ! እውቀቱ የራሱ ነው፤ የሚዋሰው ስሙን ብቻ ነው።" ኃላፊው በመስኮት ወደ አዲሱ ሣር እያየ፣ "እርስዎ ካልፈቀዱ አይሆንም" አለ። ከዚያ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ልጅቷ ነገ ነው የምትሄደው አይደል?" አለ። የተናገረው ይህን ብቻ ነው፤ ሌላውን እሷ ጨረሰችው። ኩባንያው ከመጣ ልጅቷ የምትሠራበት ወንበር ይኖራል፣ ሻንጣው ይፈታል፣ ማታ ማታ ኩሽና ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ይቀመጣል። "ሥራ አለብኝ" ብላ ወጣች። እነሱም እሺ ያለች መሰላቸው።

ከምሳ በኋላ የውኃ ሥራዎቹ ሰው ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። አምሳ ዓመት የተጠጋው፣ ከረባቱ አጥሮ ሆዱ ላይ የቀረ፣ ትሑት ሰው ነው። የባልየውን የሥራ ታሪክ የያዘ ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ፣ አጠገቧ ያለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ፣ ምናልባት ከጠየቁኝ ብዬ ነው" አለ። ባሏ የተማረበትን ትምህርት ቤት ነገረችው። መስመሩ የተዘረጋበትን ዓመት ነገረችው። የዚያን ጊዜ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጉድጓዶቹ ሁሉ ስለሞሉ፣ ሠራተኞቹ ውኃውን በባልዲ ሲቀዱ ሦስት ቀን እንደፈጀባቸው ስትነግረው፣ ሰውየው ሙያው ስለሆነ ዓይኑ በራ፤ "አይ፣ ያቺን መስመር እኮ እኔም አውቃታለሁ! እስከ ዛሬ አንድ ቀን ተበጥሳ አታውቅም" አለ። ቀና ብላ አየችው። ሰውየው አፍሮ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ከዚያ፣ ከእሷ ይልቅ ወረቀቱን የሚጠይቅ ይመስል፣ "ስንት ልጅ ነው ያለኝ?" አለ።

"አንድ" አለች መዝጋቢዋ። "ሴት።"

"ስንት ዓመቷ ነው?"

ስንት ትበለው? ባልየው የሚያውቃት ልጅ ገና ተማሪ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ የአራተኛ ዓመት ፈተና ላይ እያለች ነው የሞተው። የሻንጣዋን ቀለም አያውቀውም። "ሃያ አምስት" አለችው በመጨረሻ፤ ሰውየውም ወረቀቱ ጠርዝ ላይ በትንሹ ጻፈው።

አዳራሹ አዲስ ቀለም ይሸታል። መጋረጃው ከሌላ ቢሮ የመጣ ስለሆነ ከመስኮቱ ይረዝምና መሬት ላይ ይጎተታል። እንግዶቹ ሁለት ናቸው፤ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌና ነጭ ሸራ ጫማ ያደረገች ሴት። አጠገባቸው ጠዋት የደወለችው አስተርጓሚ ተቀምጣለች፤ ገና "እንደምን ዋላችሁ" ስትል ነው መዝጋቢዋ በድምፅዋ ያወቀቻት። ማይክራፎን አራት መቶ አስራ ሁለት የሚለውን ቁጥር በንግግሩ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠራው። ከዚያ ባለሙያዎቹ በየተራ እየተጠሩ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ተቀመጡ። የመጀመሪያው በደንብ ተናገረ፤ ሁለተኛው ላብ አጠመቀው፤ ሦስተኛው ሥራ ካቆመ አምስት ዓመት እንደሆነው ራሱ ነገራቸውና ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። መዝጋቢዋ ጥግ ላይ ካለች ትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጣ፣ ቃለ ጉባኤ እንድትይዝ የተሰጣትን ደብተር ከፍታ አንድም ቃል አልጻፈችበትም። ከደብተሩ ሥር ያ በእርሳስ ምልክት ያደረገችበት ቅጂ አለ። ለምን ይዛው እንደመጣች እሷም አታውቅም።

አስተርጓሚዋ አራተኛውን ስም ጠራች፤ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ልክ እንደ ጠዋቱ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ወንበር ጮኸ። የውኃ ሥራዎቹ ሰው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ ተነሳ፤ ከረባቱን ወደ ታች ጎተት አደረገ፤ "አቤት" ሊል አፉን ሲከፍት መዝጋቢዋ ቆማ ነበር።

"እኚህ ሰው ባለቤቴ አይደሉም" አለች። "ጥፋቱ የእሳቸውም አይደለም። ባለቤቴ ሞቷል፤ አራት ዓመት ሆነው። ጠዋት ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ስሙንም ዝርዝሩ ላይ የተውኩት እኔ ነኝ።"

አስተርጓሚዋ ወዲያው አልተረጎመችም። መጀመሪያ መዝጋቢዋን አየቻት፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ከሰማችው ባነሰ ድምፅ ተረጎመች። የውኃ ሥራዎቹ ሰው ተመልሶ ተቀመጠ፤ ያወጣው ትንፋሽ ከኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ። ባለ ሸራ ጫማዋ ሴት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ "ከአራት መቶ አስራ ሁለቱ ዛሬ እዚህ ከተማ ያሉት፣ በሙያቸው ላይ ያሉት ስንት ናቸው?" ማይክራፎን ሊመልስ ሲነሳ ሴትየዋ በጣቷ ወደ መዝጋቢዋ አመለከተች።

"መቶ ሠላሳ ስምንት" አለች መዝጋቢዋ፤ ቅጂውንም ወስዳ ፊቷ ዘረጋችላት። ሴትየዋ ገጾቹን እያገላበጠች ክቦቹን፣ ነጥቦቹን፣ ሰረዞቹን በጣቷ ተከተለች። ሰማንያ ሦስት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ምልክት የለውም። ምንም አልጠየቀችም፤ ቀና ብላ አየቻት ብቻ። መዝጋቢዋ ከጆሮዋ ኋላ እርሳሷን አወጣች። ጎንበስ ብላ፣ ሃያ ዓመት ስታሰምር እንደኖረችው ቀጥ ያለች አጭር ሰረዝ አሰመረች። ቀና ለማለት ጥቂት ቆየች።

"መቶ ሠላሳ ሰባት" አለች።

እንግዶቹ የተዘጋጀላቸውን ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ። አልተቆጡም፤ ያ ነው ሁሉንም የባሰ የረበሸው። ሴትየዋ የእርሳሱን ቅጂ በስልኳ ገጽ በገጽ ፎቶ አነሳችው፤ "እናሳውቃለን" አለች፤ እጅ ጨብጣ መኪና ውስጥ ገባች። መጥፎ ምልክት ነው ያሉ ነበሩ፤ ጥሩ ነው ያለ ግን ማንም የለም። ማይክራፎን ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና፣ "መቶ ሠላሳ ሰባት! በዚህ ቁጥር ማን ይመጣል? ለዚህ ለዚህማ ሣር ባልተከልን" እያለ በመተላለፊያው ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። መዝጋቢዋ ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ ኃላፊው ደረጃው ላይ ብቻውን ቆሞ አገኘችው። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች።

"ነገ ደብዳቤ ይደርስዎታል" አለ። "ማስጠንቀቂያ ነው። መጻፍ አለብኝ።"

"ይጻፉ።"

ሁለት ደረጃ እንደወረደች ከኋላዋ፣ "እትዬ" አለ። በዚህ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ሲላት የመጀመሪያው ነው። "እኔም ስሙን ልሰርዘው ብዬ ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ከፍቼዋለሁ።" እሷም ዞር አለች፤ ጥቂት ተያዩና፣ እሱ ወደ ላይ እሷ ወደ ታች ሄዱ። ዘበኛው ሣሩን ውኃ ያጠጣ ነበር። በጎን ዞረች።

ቤት ስትደርስ ገና አልመሸም። ልጅቷ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የአንድ ደንበኛ ስልክ ለመጨረሻ ጊዜ ትጠግን ነበር፤ ትንንሾቹን ብሎኖች በማንኪያ ላይ ደርድራቸዋለች። ሻንጣው ከነበረበት አልተነቃነቀም። እናትየው ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገረቻት፤ የውኃ ሥራዎቹን ሰው፣ ሰረዟን፣ እንግዶቹ ሻይ ሳይጠጡ መሄዳቸውን። ልጅቷ ሳታቋርጥ ሰማቻት። "ስንት ዓመቷ ነው ብሎ ጠየቀኝ" ስትላት ብቻ አንዲት ብሎን ከማንኪያው ላይ ወደቀች፤ ጎንበስ ብላ ፈልጋ አነሳቻት።

"እና እኔ ስንተኛ ነኝ?" አለች። "ተራ ቁጥሬ?"

እናትየው ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። "የለሽም" አለች። "አላስገባሁሽም። አጎትሽ ኃላፊ ሆኖ ሰው ምን ይለናል ብዬ።"

ልጅቷ መፍቻዋን አስቀመጠች፤ እጇን በጨርቅ ጠረገች፤ እንደገና ጠረገች። "አባዬን ሞቶ አላወጣሽውም" አለች፤ "እኔን በሕይወት እያለሁ አላስገባሽኝም።" በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ቢሆን ይሻል ነበር። እናትየው ከቦርሳዋ የእርሳሱን ቅጂ አወጣች። ሰማንያ ሦስትን ከፈተች፤ ከሰረዟ ጎን ባዶ ቦታ ነበርና የልጇን ስም እዚያው ልትጽፍ እርሳሷን ስታስጠጋ ልጅቷ እጇን ያዘቻት።

"እዚያ አይደለም" አለች። "እሱ የእሱ ነው። መጨረሻ ላይ ጻፊኝ።"

የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከአራት መቶ አስራ ሁለት ሥር፣ እናትየው አዲስ ረድፍ አሰመረች። ስሟን ጻፈች። ሙያዋን ጻፈች። የተመረቀችበትን ዓመት ሳትጠይቅ ጻፈች። አድራሻ የሚለው ዓምድ ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ። ሁለቱም ወደ ሻንጣው አዩ። ልጅቷ አሁን ብትቀር ማንም ለምኗት አይደለም፤ ብትሄድም ማንም አባሯት አይደለም። የአድራሻው ዓምድ ባዶውን ታለፈ።

"ስልክ?" አለች እናትየው።

ልጅቷ የእሷን ቁጥር ልትናገር ጀመረችና ተወችው። ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። የቁም ሳጥኑ መሳቢያ ሲከፈት፣ አንሶላዎቹ ሲገፉ ተሰማ። ስልኩን በመዳፏ ይዛ ተመለሰች፤ መስታወቱ ላይ ጥግ አካባቢ ድሮ የተሰነጠቀ መስመር አለ፤ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ የዘወትር ሥራዋ ስለሆነ።

"የዚህን ጻፊው" አለች። "እንግዶቹም የሚያውቁት ይህን ነው። የትም ብሆን እኔ አነሳዋለሁ።"

እናትየው ቁጥሩን ሳታየው በቃሏ ጻፈች። ከዚያ ተነስታ ቻርጀሩን ከግድግዳው ነቀለችና፣ ገመዱን እንዳይታጠፍ ሰፋ አድርጋ እየጠቀለለች ወደ ሻንጣው ሄደች።